እጅ ከመርፌ በፊት፦ የቤተ ሙከራ እንስሳት አያያዝ ሥልጠና የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 21

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም በማይርቀው የእንስሳት ቤታችን ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለጀማሪ ተመራማሪዎች የምንሰጠው የተግባር ሥልጠና በዚህ ወር መጨረሻ ስለሚጀመር፣ ዝግጅቱንና አካሄዱን ሥራ በተሠራበት ቀን ሁሉ እዚህ እመዘግባለሁ። ሰልጣኞቹ ከፋርማኮሎጂ፣ ከፓራሲቶሎጂና ከባዮኬሚስትሪ የመጡ ሲሆኑ፣ የአብዛኞቹ ጥናት በአገራችን ለመድኃኒትነት የሚውሉ ዕፅዋትን ወስዶ ለወባ ወይም ለስኳር ሕመም ያላቸውን ፈዋሽነትና መርዛማነታቸውን በነጭ አይጦች መፈተሽ ነው። ፕሮፖዛላቸው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸድቋል፤ ስለ ዕፅዋቱ ኬሚስትሪም ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ ከመካከላቸው አይጥ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ግን ከአንድ ሁለቱ በስተቀር የለም።

ቀድሞ የነበረው መርሐ ግብር ጠዋት ንግግር፣ ከሰዓት በኋላ መርፌ የሚል ነበር። ቅደም ተከተሉን ቀይሬ በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ማንም ሰው መርፌ እንዳይነካ አድርጌአለሁ። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የፈራ አይጥ አድሬናል ዕጢው ኮርቲኮስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ የደሙ ስኳር ከፍ ይላል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ የሰውነቱም ሙቀት ይጨምራል። የደም ስኳር ይቀንሳል የሚባል ዕፅ የሚያጠና ተማሪ ደም ከጅራት ጫፍ ሲወስድ አይጡን አስደንግጦት ከሆነ፣ በግሉኮሜትሩ ላይ የሚያነበው ቁጥር ከፊሉ የዕፁ፣ ከፊሉ የራሱ እጅ ሥራ ነው፤ ሁለቱን በኋላ በስታቲስቲክስ ለመለየት የሚያስችል መንገድም የለውም።

ዋናው አሠልጣኝ እኔ ሳልሆን በእንስሳት ቤቱ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ተንከባካቢ እንዲሆኑ ለክፍሉ ኃላፊ ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ዲግሪ ሳይኖራቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንዴት ያስተምራሉ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ የኬጅ ክዳን ሲከፍቱ አይጦቹ ወደ ጥግ የማይሸሹት እሳቸው ሲሆኑ ብቻ ነው የሚለው መልስ ለጊዜው በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥቅምት 24

ዛሬ የተሠራው ክፍሉን ማዘጋጀት ነው። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በኬጆቹ መደርደሪያ ከፍታ ላይ ሰቅለን ነበር። ለነጭ አይጦች የሚመከረው የክፍል ሙቀት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ እርጥበቱም ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆን፣ ቴርሞሜትሩ ቀን ቀን በዚህ ክልል ውስጥ እንደምንቆይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ግን ከታችኛው ወሰን እንደምንወርድ አሳይቶናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው የሌሊት ብርድ የሚያስገርም አይደለም። 25 ግራም የሚመዝን እንስሳ ግን ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ሙቀት የሚያባክንበት የቆዳ ስፋት እጅግ ብዙ ነው፤ ሰውነቱ ያለ ተጨማሪ ድካም ሙቀቱን የሚጠብቀው አካባቢው ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የበረደው አይጥ አብዝቶ ይበላል፣ የሚበላውንም ለሙቀት ያቃጥለዋል፤ በመሆኑም የክብደት ለውጥን እንደ መርዛማነት ምልክት የሚመዘግብ ጥናት ሁሉ ይነካል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መግዛት እንችል ነበር፤ ነገር ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት ከሙቀት ወደ ብርድ በድንገት መውረዱ ቀድሞውኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ክፍል የባሰ ስለሚሆን፣ ይልቅ ለእያንዳንዱ ኬጅ ቀለምና ሽታ የሌለው ሶፍት እንዲሰጥ ወስነናል። አይጦቹ ሶፍቱን በጥርሳቸው በጣጥሰው ዙሪያውን የተከበበ ጎጆ ይሠራሉ። የጎጆው አሠራር ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ነጥብ ይመዘናል፤ ትናንት ማታ የተሰጠውን ሶፍት እስከ ጠዋት ሳይነካው ያደረ አይጥ ደግሞ የሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ሰልጣኞች ጠዋት ጠዋት ክዳን ሳይከፍቱ የሚሞሉት የመጀመሪያው ቅጽ ይህ እንዲሆን አድርጌአለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው የጉዝጓዙ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚመጣ ሰጋቱራ ሲሆን፣ ዛሬ አንዱን ጆንያ ስንፈታው የጥድ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ለሰው ደስ የሚል ሽታ ነው፤ ለመድኃኒት ጥናት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤሊዮት ቬሴል የተባለው ተመራማሪ ለስላሳ እንጨት ከሆኑ ዛፎች በተገኘ ጉዝጓዝ፣ በተለይም በአሜሪካው ቀይ ጥድ ላይ የተቀመጡ አይጦች መድኃኒትን የሚሰብሩት የጉበት ኤንዛይሞቻቸው ከፍ እንደሚሉና ሄክሶባርቢታል በተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት የሚተኙበት ጊዜ እንደሚያጥር አሳይቷል። ያ ዛፍ ከእኛው የአበሻ ጥድ ጋር የአንድ ወገን ዝርያ ነው። የጉበት መርዛማነትን የሚለካ ተማሪ አይጦቹን በጥድ ሰጋቱራ ላይ አስቀምጦ የኤንዛይም ለውጥ ቢያገኝ፣ ለውጡን ያመጣው ዕፁ ይሁን ጉዝጓዙ የሚለይበት ዘዴ የለውም። ስለዚህ ጋሼ ዛሬውኑ ወጥተው ጥድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ኮምፔንሳቶና ሙጫ የማይቀላቀልበት ሰጋቱራ የሚሰጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አነጋግረው ተመልሰዋል። የሚመጣው ሰጋቱራ ተነፍቶ ብናኙ ይወጣለታል፣ በአውቶክላቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) ይቀቀላል፣ ከዚያም ደርቆ ይሰጣል። ከየትኛው እንጨት እንደተገኘም በጆንያው ላይ ይጻፋል።

ጥቅምት 28

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተካሄደ። በር ላይ የተሰጠው መመሪያ አጭር ነው፦ ሽቶ አይቀቡ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ ጥፍር ይቆረጥ፣ የቁልፍ ዘለላ ከውጭ ይቀመጥ። የመጨረሻው አንዳንዶችን አስቋል። ሰው ከ20 ኪሎ ኸርትዝ በላይ ያለ ድምፅ አይሰማም፤ ነጭ አይጥ ግን እስከ 80 ኪሎ ኸርትዝና ከዚያም በላይ ስለሚሰማ፣ ለእኛ ቀጭን የሆነው የቁልፍ ቅጭልጭልታ ለእሱ ብርቱ ጩኸት ነው። ሽታንም በተመለከተ፣ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የወንድ ተመራማሪ ወይም ወንድ የለበሰው ካናቴራ በአጠገባቸው ሲኖር አይጦች በጭንቀት ምክንያት የሕመም ስሜታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወንዶች ሰልጣኞች ከክፍሉ ይውጡ ማለት አይደለም፤ ሙከራውን ማን እንዳካሄደው በመዝገብ ይጻፍ፣ በጥናቱ መካከልም ሰው አይቀያየር ማለት ነው።

ከመርካቶ የገዛነውን 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ በ13 ሴንቲ ሜትር ልክ እየቆረጥን፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ለየኬጁ አንድ አንድ አስቀምጠናል። አይጡ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቧንቧው ሲገባ ሁለቱ ጫፎች በእጅ ይጋረዱና ይነሣል። ሁለተኛው መንገድ ሁለት እጅን አቅፎ እንደ ጽዋ ማድረግ ነው። አይጥን በጅራቱ አንጠልጥሎ ማንሣት ለዘመናት የተለመደ ቢሆንም፣ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ጄን ኸርስትና ሬቤካ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በጅራት የተነሡት አይጦች ከእጅ እንደሚሸሹና በጭንቀት መለኪያ ፈተናዎች ላይ የበለጠ እንደሚፈሩ፣ በቧንቧ ወይም በእቅፍ የተነሡት ግን በፈቃዳቸው ወደ እጅ እንደሚቀርቡ ታይቷል። ይህን ለሰልጣኞች ስናገር ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሊቨርፑሉን ጥናት ሰምተው ሳይሆን የሚያውቁትን ነገር ስለሰሙ ነው።

አንዲት ሰልጣኝ እጇን ወደ ኬጁ አስገብታ መልሳ ሳበችና፣ «ጋሼ፣ ብትነክሰኝስ?» አለቻቸው።

«አትነክስሽም፣ ልጄ። እጅሽን አስቀምጪና ተያት፤ መጥታ ታሽትሽ። ስታበቃ አንቺ ታነሻታለሽ። አሁን እኮ ከላይ እንደ ጭልፊት ነው የመጣሽባት።»

ሁለተኛ ሲሞከር እጇ በጉዝጓዙ ላይ ተዘርግቶ ቆየ። አይጧም ጣቶቿን አሽታ፣ ወጣችባቸው፣ ወረደች፣ ተመልሳም ወጣች። የቀኑ ትምህርት ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም ነገር አልተሠራም። ከሰልጣኞቹ አንዱ ክፍለ ጊዜው ባክኗል የሚል ስሜት እንዳደረበት ከፊቱ ማንበብ ይቻል ነበር። ቅሬታውን አልነቅፍም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ያለበት ሰው ነው።

ኅዳር 1

ፆታ መለየት፣ ምልክት ማድረግና መመዘን። የሽንት መውጫና የፊንጢጣ ርቀት በወንዱ ሰፊ፣ በሴቷ ጠባብ ነው፤ ጀማሪ ሰው ሁለት እኩያ አይጦችን ጎን ለጎን ካላየ በእርግጠኝነት አይለይም። ነጭ አይጥ ከ19 እስከ 21 ባሉት ቀናት ስለምትወልድ፣ አንድ ወንድ በስሕተት የገባበት የሴቶች ኬጅ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የጥናቱን ናሙና ያበላሻል። ምልክት በጅራት ላይ በማይለቅ ማርከር፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየታደሰ። ጣት መቁረጥ በዚህ ቤት አይፈቀድም።

ኅዳር 5

በአንድ እጅ አጥብቆ መያዝን ዛሬ ጀመርን፤ በሕይወት ባለ አይጥ ሳይሆን በካልሲ። አንድ ሰልጣኝ ነጭ የሕፃን ካልሲ በሩዝ ሞልታ፣ ጅራት በገመድ ሠርታ፣ ዐይን እንኳ ሳትቀር ሰፍታ አምጥታለች። እንስሳትን በሙከራ መጠቀምን በተመለከተ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስቱ መርሖዎች መተካት፣ መቀነስና ማሻሻል ናቸው፤ ሰልጣኞቹ በፕሮፖዛላቸው ሁሉ ጽፈዋቸዋል። ካልሲው መተካት የሚለው ነው። ጣት ቦታውን እስኪለምድ ድረስ የሚደረገውን ደጋግሞ መሞከር በሕይወት ባለው እንስሳ ላይ የምናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

አያያዙ ይህን ይመስላል፦ አይጡ የሽቦ ክዳኑን በፊት እግሮቹ እንዲይዝ ይደረጋል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከጆሮዎቹ ኋላ ያለው ልል ቆዳ ይሰበሰባል፤ ጅራቱ በትንሿ ጣት ሥር ይያዛል። ቆዳው ጥቂት ብቻ ከተያዘ ዞሮ ይነክሳል፤ ከመጠን በላይ ከተሰበሰበ አንገቱ ታንቆ መተንፈስ ያቅተዋል። ነጭ አይጥ ለዚህ መልካም ጠቋሚ አለው፤ አፍንጫውና መዳፎቹ ቀይ ሮዝ ናቸው፤ መገርጣት ወይም መጥቆር ከጀመሩ ወዲያውኑ ይለቀቃል።

በቀረው ጊዜ የመድኃኒት መጠን ስሌት ሠራን። ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 400 ሚሊ ግራም የዕፅ ጭማቂ እንዲሰጥ ቢታዘዝ፣ 25 ግራም የሚመዝነው አይጥ 10 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። የሚሰጠው ፈሳሽ በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣልና፣ ለዚህ አይጥ ሩብ ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ ፈሳሹ በሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ሆኖ መበጥበጥ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር በዚህ መጠን የተበጠበጠ ድፍድፍ የመሰለ ጭማቂ በቀጭን መርፌ አልወርድ ማለቱ ነው። ይህ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ይታወቅ እንጂ አይጡ በእጅ ከተያዘ በኋላ አይታወቅ።

ስለ ማስጾምም ጥያቄ ተነሥቷል። ሦስት ሰልጣኞች በፕሮፖዛላቸው አይጦቹን ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያስጾሙ ጽፈዋል። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የመርዛማነት ፈተና መመሪያ ቁጥር 425 ሌሊቱን ማስጾምን የሚጠቅሰው ለአይጠ መጎጥ ነው፤ ለነጭ አይጥ የሚለው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ውኃ ግን ለሁለቱም አይከለከልም። ነጭ አይጥ የሚበላው በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ፣ ሌሊቱን መከልከል የቀኑን ምግብ ሁሉ እንደ መከልከል ይቆጠራል። ሦስቱም የማሻሻያ ማመልከቻ ለኮሚቴው ያስገባሉ።

ኅዳር 8

ዛሬ እንስሳ አልተነካም፤ ሙሉ ክፍለ ጊዜው በክርክር አለፈ፤ ከተደረጉት ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ይመስለኛል።

የወባ መድኃኒት የሚያጠኑት ሰልጣኞች የሚጠቀሙት የታወቀውን የአራት ቀን ፈተና ነው። ፕላስሞዲየም በርጌይ የተባለው የአይጥ ወባ ጥገኛ በሆድ በኩል ይሰጣል፤ ዕፁ በተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ ከጅራት ጫፍ የተወሰደ ደም በጊምሳ ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ነገር ግን ከቆጠራው በኋላ አይጦቹ እስኪሞቱ ድረስ ተጠብቀው አማካይ የመኖሪያ ጊዜያቸው በሠንጠረዥ ይመዘገባል። አንዱ ሰልጣኝ፣ «ዶክተር፣ ይህን ሠንጠረዥ ካወጣሁ መጽሔቶቹ አይቀበሉኝም፤ ከእኔ በፊት የሠሩት ሁሉ አስገብተውታል» አለ።

አነጋገሩ ሐቅ አለው። ያም ሆኖ መጠየቅ የሚገባው የመጨረሻው ቀን ምን አዲስ ነገር ያስተምራል የሚለው ነው። በነጭ የስዊስ አይጥ ላይ ጥገኛው ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሳት ያልቃሉ፤ አይጡ ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ውኃው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ከዚህ ደረጃ በኋላ የሚቀሩት ሰዓታት ስለ ዕፁ የሚሰጡት መረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሞቱ በሌሊት ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ በትክክል አይታወቅም፣ ሬሳውም በጓደኞቹ ተነክሶ ስለሚገኝ የአካል ምርመራ አይሠራበትም። በአንጻሩ የሙከራው ማብቂያ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ማለትም ክብደቱ ከመነሻው 20 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የሰውነቱ ሙቀት በግልጽ ሲወርድና ሲነካ አልነሣ ሲል ተብሎ ከተጻፈ፣ «እስከ ማብቂያው የቆየበት ጊዜ» ተብሎ በዚያው የስታቲስቲክስ ዘዴ ይተነተናል፤ የደም፣ የጉበትና የጣፊያ ናሙናም ትኩስ እንደሆነ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ለውጥ አዲስ እንዳልሆነ ለማሳየት የመርዛማነት ፈተናን ታሪክ አነሣሁ። ግማሾቹን እንስሳት የሚገድለውን መጠን የመለካት ዘዴ በጆን ትሬቫን እ.ኤ.አ. በ1927 ተጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በርካታ እንስሳት የተገደሉበት ሲሆን፣ ኦኢሲዲ የቀድሞውን መመሪያ ቁጥር 401 እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሰርዞታል። በምትኩ የመጡት ዘዴዎች በጥቂት እንስሳት የሚሠሩ ናቸው፤ ቁጥር 425 የወሰን ፈተናውን በኪሎ ግራም 2000 ሚሊ ግራም በመስጠት አንድ በአንድ ቢበዛ በአምስት እንስሳት ይጨርሳል። መጽሔቶቹም ይህን ተቀብለዋል።

ከሰልጣኙ ጋር አልተስማማንም ማለት ይቻላል። አማካሪውን አነጋግሮ እንደሚመለስ ነግሮኛል። ጋሼ ክርክሩን በዝምታ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ለመሆኑ ሌሊት ማን ሊያያቸው ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ጥያቄ የሌሊት ክትትል ተራ ወጣ፤ የመጀመሪያው ተረኛም ያው ሰልጣኝ ሆነ።

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ነውና፣ ጠዋት ስንደርስ ከየሰፈሩ የተነሣው ጭስ በአየር ማስገቢያው በኩል ኮሪደሩ ድረስ ገብቶ ነበር። ነጭ አይጥ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ሲሆን ሳንባውም በጭስ ፈጥኖ ይቆጣል። ከዋዜማው የመንገድ በኩል መስኮቶችን ዘግተን፣ በሮቹ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርገን ስለነበር ጭሱ ኬጆቹ ካሉበት ክፍል በብዛት አልደረሰም። አየር ሳይገባ ሲዋል ግን ከሽንት የሚነሣው አሞኒያ ስለሚጠራቀም፣ ጉዝጓዙን ከቀኑ አንድ ቀን አስቀድመን ለመቀየር ተገደናል። ትናንትና ዛሬ ምንም ዓይነት ልኬት እንዳይወሰድ ተደርጓል፤ ለሚመጣው ዓመትም ቀኑ በእንስሳት ቤቱ የሥራ ሰሌዳ ላይ በቀይ ተጽፏል። ከውጭ አገር በመጣ የትኛውም መመሪያ ላይ ይህ ቀን አይገኝም።

አንድ ሰልጣኝ ከገባ ጀምሮ እያስነጠሰውና ዐይኑ እየቀላ ነው። ጭሱ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በየክፍለ ጊዜው እንዲህ እንደሚሆን ሲናገር፣ በአይጥ ሽንት ውስጥ ለሚገኘው ፕሮቲን አለርጂ ሊሆን ይችላል ብዬ ወደ ሐኪም ልኬዋለሁ። ችላ ከተባለ ወደ አስም ሊያድግ የሚችል ነው። ጉዝጓዝ መቀየር ለእሱ የተከለከለ ሥራ ሆኗል፤ የሚያደርገውም ማስክ ከተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ደቃቅ ብናኝ ወደሚያጣራው ኤን 95 ተቀይሯል።

ኅዳር 17

መርፌ። ለሥልጠና እንዲውሉ ኮሚቴው የፈቀዳቸው ከርቢ የተረፉ አይጦች ናቸው፤ የሚሰጣቸውም በሰውነት ሙቀት ልክ የሞቀ ንጹሕ የጨው ውኃ ብቻ ሲሆን፣ አንድ አይጥ በአንድ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይወጋም።

በሆድ በኩል የሚሰጠው መርፌ በታችኛው ቀኝ ጎን ይገባል፤ በግራው በኩል ትልቁ ዕውር አንጀት፣ በመካከሉ ደግሞ የሽንት ፊኛ አለና። የአይጡ ራስ ትንሽ ዝቅ ሲል አንጀቱ ወደ ደረቱ ይሸሻል። መርፌው ከገባ በኋላ ስሪንጁ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ደም ወይም አረንጓዴ ቢጫ ፈሳሽ ከመጣ ሁሉም ተጥሎ በአዲስ ይጀመራል። በዚህኛው አብዛኞቹ አልተቸገሩም።

ጋቬጅ፣ ማለትም ፈሳሽን በአፍ በኩል በቀጥታ ወደ ጨጓራ መስጠት፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነው መርፌ ከአይጡ አፍ እስከ መጨረሻው የጎን አጥንት ድረስ ከውጭ ተለክቶ ምልክት ይደረግበታል። አይጡ አንገቱ ቀና ብሎ ከተያዘ መርፌው በምላሱ በስተጎን ገብቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ እጅ አይገፋም። የሚይዘው ነገር ካለ መንገዱ የተሳሳተ ነው፤ ተመልሶ ይወጣል። ፈሳሽ በአፍንጫ ከወጣ ወይም አይጡ ካሳለው ወደ ሳንባ እየሄደ ነው። በካልሲው ላይ ፈጣን የነበሩት ሁለት ሰልጣኞች እዚህ ላይ ቆሙ፤ በመጀመሪያው ቀን እጇን መልሳ የሳበችው ሰልጣኝ ደግሞ አይጧ በእጇ ላይ እንደ ተረጋጋች በአንድ ጊዜ ጨረሰች። ጋሼ ያስተዋሉትን ነገሩኝ፦ ሌሎቹ የሚያዩት መርፌውን ነው፣ እሷ የምታየው የአይጧን ትንፋሽ ነው።

ኅዳር 22

ምዘና ተደረገ። የመመዘኛው ቅጽ የሰልጣኙን ብቻ ሳይሆን የአይጡንም ሁኔታ ይጠይቃል፦ አይጡ ጮኸ ወይ፣ ዐይኑን አጠበበ ወይ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ ወይ፣ ወደ ኬጁ ሲመለስ ወዲያው ፀጉሩን ማበጠር ጀመረ ወይስ በጥግ ተሸሸገ። የፊት ገጽታ ምልክቶቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአይጥ ሕመም መለኪያ ከተዘጋጀው መስፈርት የተወሰዱ ናቸው። ጋቬጁን በትክክል ሰጥቶ አይጡ የተሸሸገበት ሰልጣኝ አላለፈም፤ ይህ ውሳኔ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ቅሬታው በጽሑፍ ለክፍሉ ቀርቦ መልስ ይጠብቃል።

ለአያያዝ፣ ለመመዘንና ለሆድ መርፌ ሁሉም ፈቃድ አግኝተዋል፤ ለጋቬጅ ፈቃድ ያላገኙት ሁለቱ በሚቀጥለው ሳምንት ከጋሼ ጋር በድጋሚ ይሠራሉ፤ እስከዚያ ድረስ የእነሱን አይጦች ፈቃድ ያለው ሰልጣኝ ያስውጣል፣ በመዝገቡም ላይ ማን እንደ ሰጠ ይጻፋል። የወባው ሰልጣኝ አማካሪውን አሳምኖ የሙከራ ማብቂያውን መስፈርት ያካተተ ማሻሻያ ለኮሚቴው አስገብቷል፤ የመኖሪያ ጊዜ ሠንጠረዡ ግን በአዲስ ስም አለ። ለአይጠ መጎጥ ክፍለ ጊዜ ሰፋ ያለ 75 ሚሊ ሜትር ቧንቧ፣ ረዘም ያለ የጋቬጅ መርፌና ሁለት ጆንያ ጥድ ያልነካው ሰጋቱራ ይገዛል። የግዢ መጠየቂያው ዛሬ ተፈርሟል።